ከብስክሌት መውረድ

«እየሣቀ ነው ያለፈ። ጥርሱን በዓይነይ አይቻለሁ» አለች አደይ ለተኪዳን።

ግድግዳው ድንጋይ ነው። ግን በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጭቃ በየክረምቱ ስለሚረግፍ፣ የባለቤቲቱ የአደይ ለተኪዳን ክፍልና እነከፋለ የተከራዩት ክፍል ሁለት ቤት የሚባሉት ለወጉ ያህል ነው። ከፋለ መደቡ ላይ ጋቢውን እንደተከናነበ ሁሉንም ሰማ። በውቅሮ በኩል ያሉ ዘመዶቿ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው አድረዋል፤ እሑድ ጧት ገና ከመኝታቸው ሳይነሡ ትነግራቸው ጀመር። ባሏን አይተ ዓጽብሃን ተሸክመው ወደ እንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ እቤቷ የሚኖረው የሸዋ መምህር ከላይ በብሽክለታ እየበረረ መጣ፤ ደወሉን እያቃጨለ፣ ካህናቱን በትኖ፣ ቃሬዛውን ሊያስጥል ምንም ሳይቀረው አለፈ። አልወረደም። ዞሮም አላየ። ይህን ሁሉ መምህሩ ከፋለ አይክድም። እየሣቀ አለፈ የሚለው ግን ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ጥርሱ የታየው ከድንጋጤ ነው። ፍሬን በሌላት ብስክሌት ቁልቁለት እየወረደ ድንገት መስቀልና ጥላ ከፊቱ የመጣበት ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል ለሴትየዋ ማን ያስረዳት? ግድግዳውን በቡጢ ሊመታው ፈለገና ተወው። ቢመታው ደግሞ ለቅሶ ቤት ላይ ከበሮ መታ ይባላል።

በቀብሩ ቀን ጎሕ ሲቀድ ከቤት ሲወጣ አይተ ዓጽብሃ በሕይወት ነበሩ፤ በራቸው ላይ ቆመው እያሳሉ «ደሓን ኩን» ብለውት ነበር፣ ደኅና ሁን ማለታቸው ነው። ረፋዱ ላይ አረፉ፤ በአገሩ ልማድ ሳይመሽ ሊቀበሩ ወጡ። ከፋለ ቀኑን ሙሉ እንዳ ኢየሱስ ጀርባ መስክ ላይ ሲወድቅ ሲነሣ ዋለና ምንም ሳይሰማ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ደወሉን የደወለው ሰዎቹ ገለል እንዲሉለት ነበር፤ ሌላ ምን ያድርግ? ብስክሌቷ ጣልያን መንገድ ሠሪ ትቷት የሄደች፣ ለረጅም ሰው የተሠራች ናት፤ ከፋለ ደግሞ አጭር ነው፣ እግሩ መሬት አይደርስም። ለመውጣት ድንጋይ ላይ ይቆማል። ለመውረድ ወይ ዳገት ይፈልጋል፣ ወይ አጥር ይይዛል፣ ወይ ቁጥቋጦ መርጦ ይወድቃል። መውጣትን ተማረ፣ መውረድን ገና አልተማረም ነበር። ይህን የሚያምነው ሰው መቀሌ ውስጥ ጠፋ። በዚህ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሬሳ ሲያይ ይወርዳል፤ ሹም ቢሆን ይወርዳል፤ ወባ የያዘው ቢሆን ሰዎች ደግፈው ያወርዱታል። ያልወረደ እንደሆነ፣ ሟቹን ከውሻ አልለየውም ማለቱ ነው። ደግሞም ከሸዋ የመጣ የመንግሥት ሰው ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ከዚያ ከአመፁና ከጦርነቱ ክፉ ዓመት ወዲህ የመቀሌ ሰው ከላይ ለመጣ ጸሐፊና መምህር ሰላምታውን እንኳ እየቆጠበ ነው የሚሰጠው። ከፋለም እንዲህ ያለውን ሰላምታ ባያገኘው ግድ የለኝም ይል የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ሲቀርበት ጊዜ ነው ግድ ያለው።

ከመደቡ ወርዶ ፊቱን ታጠበ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሦስት ሰው ሲኖርባት ደግሞ ቁም ሣጥን ትሆናለች። በአንድ በኩል የእህቱና የባሏ አልጋ፣ በሌላው የሱ መደብ፣ በመሐል ከሰል ማንደጃና የጣልያን ቆርቆሮ ላይ የተቀመጠ የውሃ እንስራ። እህቱ አስካለማርያም ቂጣና ሻይ አምጥታ አጠገቡ አኖረች፤ ዓይኑን አላየችውም። ይህ ዓይን አለማየት ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ሴቶቹ ጉድጓድ ላይ ውሃ ሲቀዱ «ነዪ፣ አንቺ ቅደሚ» ይሏት ነበር፤ አሁን እንስራዋን ይዛ የመጨረሻዋ እስክትሆን ትቆማለች። እንቁላል ሻጯ ለሌላው ስድስት በምትሰጥበት ሳንቲም ለእሷ አራት ትሰጣታለች፤ አስካለማርያምም ሳትከራከር አራቱን ይዛ ትመጣለች። ባሏ ወልደጊዮርጊስ የጉምሩክ ጸሐፊ ነው፤ የሚፈራው ሰው ሳይሆን ወሬ ነው። ከቀብሩ ወዲህ ከከፋለ ጋር በቀጥታ አይነጋገርም። ጫማውን በጨርቅ እየወለወለ ሚስቱን ጠራት።

«አስካለ፣ ለወንድምሽ ንገሪው። ዛሬ ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊት ሲቀርብ ይውደቅ። ሌላ ነገር አያስፈልግም። በደንብ አድርጎ ይውደቅ።»

ከፋለ ከሱ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም።

«ሰምቷል» አለች አስካለማርያም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈሩ ሽማግሌ ባሻይ ግደይ ግራ ቀኙን ሰምተው ነበር። ከፋለ መውረድ አልችልም ነበር ሲል፣ ባሻይ ግደይ ጺማቸውን ይዘው፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መውጣት ችሎ መውረድ ያቃተው ሰው አላየሁም፤ ግን ብሽክለታም በቅሎ አይደለችም፣ እንግዲህ አምጣና አሳየን አሉ። መውረድ የማይችል መሆኑን ዓይናቸው ካየ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መበለቲቱ እግር ላይ ይወድቃል፣ ይቅር ትላለች፣ ነገሩ እዚያው ይቀበራል። መውረድ እየቻለ ያልወረደ ከሆነ ግን፣ እህቱም ባሏም እሱም ከአርባው በፊት ቤቱን ለቀው ይወጣሉ። አደይ ለተኪዳን ያስወጣችውን ሰው ደግሞ በዚህ ሰፈር ቤት የሚያከራየው አይገኝም። ወልደጊዮርጊስ ሌላ ሰፈር አለ ይላል። አስካለማርያም ግን ሌላ ሰፈር የላትም።

ሻይውን ጨርሶ ሲነሣ በሩ ላይ ያዘችው።

«የሞተች ልጄን ተሸክመው እንዳ ኢየሱስ የወጡት አይተ ዓጽብሃ ናቸው» አለች። «አንተ ያኔ አልነበርክም። እኛ ዘመድ የለን፣ ሰው የለን። ጠርቻቸው አይደለም፤ ልቅሶዬን በግድግዳው ሰምተው መጡ። በነጠላቸው ጠቅልለው ብቻቸውን ተሸከሟት።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«አታውቅም። ብታውቅ ዛሬ ያንን ብረት ይዘህ አትወጣም ነበር።»

ከፋለ ግን ይዞ ወጣ። ወልደጊዮርጊስ ብስክሌቷን ነገ ሰኞ ገበያ ወስዶ ሊሸጣት ቆርጧል፤ ስለዚህ የመጨረሻ ቀኗ ናት። ደግሞም ተናዶ ነበር። ሰው ሁሉ ውደቅ፣ ውደቅ ሲለው፣ ገና ከመውደቁ በፊት ጉልበቱን ያመመው መሰለው። የቅዳሴ ሰዓት ነው፤ ነጭ የለበሰው ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እሱ ብስክሌቱን እየገፋ በሌላው መንገድ ወጣ። አንዲት አሮጊት ቆመው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው አዩት። ሰላም አላላቸውም፤ እሳቸውም አላሉትም።

መስኩ ላይ አብዱሰመድ ቀድሞ ደርሶ ከራሱ ብስክሌት ጎማ ላይ እሾህ ይነቅላል። የወሎ ሰው ነው፤ በመቀሌ ገበያ ጨው ያሻሽጣል፣ ከዚያ በፊት በጣልያን ጊዜ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ድንጋይ ፈልጧል። እዚያ የነበሩት ጣልያኖች እሑድ እሑድ ብስክሌታቸውን ይዘው ከመንገድ ይወጡና በመስክ፣ በጭቃና በፈፋ ይሽቀዳደሙ ነበር። ካምፔስትሬ ይሉታል። ብስክሌቱ መሄድ የሚችልበት ቦታ ላይ ይጋልቡታል፤ የማይችልበት ቦታ ሲደርሱ ይወርዱና በትከሻቸው ተሸክመው ይሮጣሉ፤ ፈፋውን ሲሻገሩ ተመልሰው ይወጡበታል። መጀመሪያ አብዱሰመድ ይህን ሲሰማ እንደ ዕብደት ቆጥሮት ነበር። መንገድ ሠርተው ሲያበቁ መንገድ የሌለበት መሄድ ምን የሚሉት ነው? በኋላ ግን አንዱ ብስክሌቱን አዋሰውና ሞከረው፤ ከዚያ ወዲህ አልተወውም። ጣልያኖቹ ሲሄዱ የቀረው ይኸው ፍቅር ነው። ከፋለን ያስተማረውም እሱ ነው፤ ለማስተማር ትዕግሥት ኖሮት ሳይሆን ብቻውን መሮጥ ስለሰለቸው ነው።

«ዛሬ መውደቅህን አሳይ ብለውሃል አሉ» አለ አብዱሰመድ ቀና ሳይል። ወሬው ገበያ ደርሷል ማለት ነው።

«ብለውኛል።»

«አብሽር። ለእሱስ የምታንስ አይደለህም፣ ወላሂ። ስትወድቅ እንዳንተ የሚያምርበት አላየሁም።»

ከፋለ አልሣቀም። ድንጋይ ላይ ቆሞ ወጣና ፔዳሉን መታው። የጥቅምት ጧት ነው፤ ሣሩ ገና አልደረቀም፣ ከሥሩ ያለው መሬት ለስልሷል፣ ጎማው ሲነካው ጤዛ ይረጫል። ከብቶቹ ቀና ብለው አይተውት ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ። ከኩኻ በኩል የጨው ግመሎች በሰልፍ እየመጡ ነበር፤ ነጂዎቹ አፋሮች ቆመው ተመለከቱት። ከፊቱ ፈፋው አለ። ሁልጊዜ እዚህ ሲደርስ ወይ ወደ ጎን ይወድቃል፣ ወይ ከነብስክሌቱ ይገባበታል። አብዱሰመድ ከኋላ ጮኸበት፤ ይህንኑ ጩኸት ወሩን ሙሉ ሰምቶታል። ቀኝ እግርህን ከኋላ አዙረው፤ በግራው ቁም፤ ቀኙን በመሐል አሹልክና መሬት ረግጠህ ሩጥ፤ አትቁም። ለመቆም የሚወርድ ነው የሚወድቅ፤ ለመሮጥ የሚወርድ አይወድቅም።

ምናልባት ንዴቱ ነው የረዳው፤ ምናልባት ስለ መውደቅ ሲታሰብለት ሰንብቶ ስለሰለቸው ነው። እግሩ ዞረ። ግራ ጫማው ፔዳሉ ላይ ቆመ፤ ቀኙ በመሐል ሾለከ፤ መሬት ነካ፤ ሮጠ። ብስክሌቷ እጁ ላይ ቀለለች፤ ብረቷን ትከሻው ላይ አስገባትና የፈፋውን ቁልቁለት ወርዶ፣ ጭቃውን ረግጦ፣ በእጁ ሣር ይዞ ማዶ ወጣ። ማዶ ሲደርስ አልቆመም፤ እየሮጠ ጎማዋን መሬት አስነክቶ ዘሎ ወጣባት፤ ድንጋይም አልፈለገም። ኮርቻው ክፉኛ አመመው፤ ግን ብስክሌቷ ሄደች። ደስ አለው። ሌላ ቃል የለውም፤ እንደ ልጅ ደስ አለው። ከደብረ ብርሃን ከወጣ ጀምሮ፣ በዚህ ሰላምታ በሚያንስበት ከተማ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል፣ ደረቱ እንዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ዞሮ ተመለሰና ደገመው። ሠለሰው። አንዱ አፋር አፉን ይዞ ሣቀ፤ ሣቁ ክፋት አልነበረበትም። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል፣ ሸሚዙ ከትከሻው ላይ በብረቱ ተቀዷል፣ ልቡ ይመታል፤ ሌላ የሚያስበው አንድም ነገር አልነበረም።

አብዱሰመድ ማዶ ቆሞ ያየዋል። እንኳን ደስ አለህ አላለውም።

«ምነው?» አለ ከፋለ እያለከለከ።

«ዛሬ ባይሆን ይሻል ነበር» አለ አብዱሰመድ።

ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቤቱ በላይ ካለው ዳገት ግርጌ፣ ትልቁ ዳዕሮ ሥር ተቀመጡ። ሾላ ነው፣ ጥላው ሰፊ ነው፤ የሰፈሩ እርቅ ሁሉ የሚያልቀው እዚያ ነው። ቅዳሴ ያስቀደሰው ሰው ነጭ እንደለበሰ መጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ያላስቀደሰውን አንድ ሰው ሁሉም ያውቀዋል። ከባሻይ ግደይ እግር ሥር አንድ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። ለከፋለ ጫንቃ የተመረጠ ነው፤ ብዙ አይከብድም፣ አይተውለት ነው። ባሻይ ግደይ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገሩ በሰላም እንዲያልቅ ከማንም ይበልጥ የሚፈልጉት እሳቸው ነበሩ። ከዳዕሮው ጎን የከብት ፍግ ተከምሯል። ከፋለ ሲመጣ መጀመሪያ ያየው እሱን ነው። የሚወድቅበት ቦታ ተገኘ ማለት ነው። ተማሪዎቹ ነገ ምን ብለው እንደሚቀበሉት ያውቃል፤ አውቆም ተቀብሎታል። አስካለማርያም ከሴቶቹ ኋላ ቆማለች፤ ማንም ጠጋ ብሎ ቦታ አልሰጣትም። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው። ራሱን ነቀነቀላት፤ እወድቃለሁ ማለቱ ነው። ገባት፤ ከንፈሯ ትንሽ ላላ አለ።

«በል ወደይ፣ በል ልጄ» አሉት ባሻይ ግደይ። «ወደ ላይ ውጣና ተቀምጠህባት ና። እዚህ ስትደርስ ወይ ትወርዳለህ፣ ወይ መውረድ ያቅትሃል። ዓይናችን ይፈርዳል።»

ብስክሌቱን እየገፋ ዳገቱን ወጣ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል የድንጋይ ግድግዳ፣ በሌላው በኩል የበለስ አጥር። ከላይ ሆኖ ሲያይ ሰዎቹ አነሱበት። እጀታውን ሲይዝ የጧቱ ጭቃ ገና መዳፉ ላይ ደርቆ ነበር። ፍጉ ጋ ስደርስ ወደ ግራ እጠመዝዛለሁ፣ ከዚያ ያለው የእግዚአብሔር ነው ብሎ አሰበ። ድንጋይ ላይ ቆሞ ወጣና ለቀቃት።

ብስክሌቷ ፍጥነት ያዘች። ሁሉም ነገር እንደታሰበው ነበር፣ አደይ ለተኪዳን ከሴቶቹ መሐል እስክትነሣ ድረስ። ማንም አልጠራትም። ጥቁር ልብሷን ሰብስባ፣ የተላጨ ራሷን በሻሽ እንደጠቀለለች፣ መንገዱ መሐል ገባችና ቆመች። «በሱ ላይ ያደረገውን በእኔም ላይ ያድርገው» ብላ ነበር አሉ፣ አጠገቧ የነበሩት በኋላ ሲያወሩ። ባሻይ ግደይ ብድግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ፣ አልደረሱባትም። ከፋለ ከፊቱ ያየው አንዲት ጥቁር የለበሰች አሮጊት ናት። ግራው በለስ፣ ቀኙ ግድግዳ። ፍጉ ከእሷ ኋላ ነው።

አላሰበም። ቢያስብ ኖሮ በለሱ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ይህን በኋላ ስንት ጊዜ ለራሱ ተናግሯል። እግሩ ግን ዞሮ ነበር። ግራው ቆመ፣ ቀኙ በመሐል ሾለከ፣ መሬት ነካ፣ ሮጠ፤ ብስክሌቷ ወደ ትከሻው ወጣች። ከአደይ ለተኪዳን ፊት አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ደግሞም ሐዘንተኛና ታላቅ ስለሆነች፣ አስተዳደጉ እንዳስተማረው፣ ብስክሌቷን እንደተሸከመ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣት።

ከዳዕሮው ሥር ከወንዶቹ መሐል አንዱ በቀስታ «ዋይ» አለ። በበቅሎ ያረጀ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለ አወራረድ አይቶ አያውቅም።

አደይ ለተኪዳን ከጫማው እስከ ራሱ አየችው። አፉንም አየች፤ ዛሬ ጥርሱ አልታየም።

«ለእኔ ወረድክ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ለእሱ ግን አልወረድክም።»

«አደይ፣ ዛሬ ጧት ነው የተማርኩት» አለ ከፋለ። እውነቱን ነው። ከአፉ ሲወጣ ግን ለራሱ ጆሮም ውሸት መሰለ።

«ዛሬ ጧት?» አሉ ባሻይ ግደይ። «ሕዝበ ክርስቲያን ሲያስቀድስ?»

ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ወልደጊዮርጊስ ኮቱን ቆልፎ መሬት መሬት እያየ ከሕዝቡ መሐል ወጣ፤ ሚስቱንና ወንድሟን እንደማያውቃቸው ሰዎች አልፏቸው ሄደ። ባሻይ ግደይ ያንን ጥቁር ድንጋይ ጥቂት አዩት፤ ከዚያ በእግራቸው ገፋ አድርገው ወደ ግድግዳው ሥር አንከባለሉት። ከእንግዲህ የሚሸከመው የለም። ጋቢያቸውን አራግፈው «ከአርባው በፊት» አሉ። ሰውም ተበተነ። አደይ ለተኪዳን ዘመዶቿን አስከትላ ስትገባ ደስ ያላት አትመስልም ነበር። የፈለገችውን ያገኘች ሰው ፊት አልነበረም፤ እስከ ዛሬ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ መውረድ አቅቶት ይሆናል የምትለው አንድ ነገር ነበራት፣ እሱም ዛሬ ሄደ።

ከፋለ መንገዱ መሐል ቆሞ ቀረ። ብስክሌቷ አሁንም ትከሻው ላይ ናት፤ ለማውረድ አላሰበም። አስካለማርያም መጨረሻ መጣች። የምትጮህበት መስሎት ጠበቃት፤ ብትጮህበት፣ ብትመታው ይሻለው ነበር። አጠገቡ ስትደርስ ቆም አለችና የተቀደደውን ሸሚዙን፣ የብረቱን ምልክት አየች።

«አወራረድህ ያምራል» አለችው።

ከዚያ ወደ ቤት ገባች። ትንሽ ቆይቶ፣ በዚያ ሁሉን በሚያሰማ ግድግዳ በኩል፣ የተሰቀለውን ዕቃ አንድ በአንድ ስታወርድ ተሰማ። በወዲያኛው ክፍል አደይ ለተኪዳን ከዘመዶቿ ጋር የጀመረችውን ወሬ አቁማ ታዳምጣለች።